የረቡዕና የዓርብ ሥጋ

መተማ፣ ጥር 4 ቀን 1932 ዓ.ም.

ቡችላው ዛሬም ፈሳ።

ይድረስ ለአያ ፈረደ። በሰው አገር ያለን ሰው የሚጠብቅ አምላክ እርስዎንም ይጠብቅልኝ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። በነውር ቃል ስለ ጀመርሁ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ መሪጌታ በሕይወት ኖረው ቢሰሙ ፊደል ያስቆጠሩኝን ቀን ይረግሙ ነበር። ግን ሌላ የሚያስጽፈኝ ጉዳይ የለም፤ ለዚህም ጉዳይ ሌላ ቃል የለም።

ወንድሜ ያረጋል ከኅዳር ጀምሮ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል። ለአርማጭሆ ሰዎች ጥይት አሻግሯል ብለው ነው። እስረኛ የሚበላው ዘመዱ የሚያቀብለውን ነው። አብረውት ከታሰሩት ሁለቱ ዘመድ አልነበራቸውም፤ አሁን እነሱም የሉም። ያረጋል እኔ አለሁት። እኔም ያለሁት የጣሊያኑን ካፒቴን ቤት ስለምጠርግ፣ ልብሱን ስለማጥብና ቡችላውን ስለማበላ ነው።

ቡችላው ከአገራቸው በመርከብ የመጣ ነው። አምስት ወሩ፣ ጆሮው የቆመ፣ እግሩ ከሰውነቱ የቀደመ። ጎንደር ላለው አለቃው ሚስት የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ እስከዚያ ከካፒቴኑ ክፍል ይተኛል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ሁላችንም ቤቱን ለቀን እንወጣለን። የበሩ ዘብ ገብረማርያም የሚባል የሐማሴን አስካሪ ነው፤ ቡችላውን "መድፉ" ይለዋል። ትናንት በምሳ ሰዓት ካፒቴኑ ሹካውን ጥሎ ወደ ደጅ ሲሮጥ ገብረማርያም ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ፣ "አንቺ የሻረግ፣ ሽፍታው ከውስጥ ነው እንዴ?" አለኝ። አስካሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ካፒቴኑ በገብረማርያም አፍ ያስነገረኝ ይኸ ነው፦ "በዳግማይ ትንሣኤ መኪና ወደ ጎንደር ይሄዳል። ቡችላው ድኖ ከሄደ የወንድምሽን መፈቻ ወረቀት እፈርማለሁ። እንዲህ እንደሸተተ ከሆነ በሽጉጥ እገድለዋለሁ፤ አንቺም በዚያው ቀን ከግቢዬ ትወጫለሽ።"

ከግቢው ከወጣሁ ያረጋል ምን እንደሚሆን አልጽፍልዎም።

እርስዎ ገዳሪፍ ላይ የእንግሊዙን የከብት ሐኪም ውሾች እንደሚጠብቁ ግመለኛው ነጋዴ ኸሊፋ ነግሮኛል። እርስዎ የአባቴ የአጎት ልጅ ነዎት፤ ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው የለኝም። ለቡችላው በየቀኑ ጥሬ ሥጋና ሩዝ ይሰፈርልኛል፣ ወተትም አለው፤ ከጓሮ ጎጆዬ አብስዬ እሰጠዋለሁ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ኸሊፋ ሰሊጡን ሽጦ ሲመለስ መልሱን ይላኩልኝ። ወረቀቱን ከከረጢቱ በሚተርፈው ሰሊጥ ውስጥ ቀብሮ ያመጣዋል።

የሻረግ

ገዳሪፍ፣ ጥር 22 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻረግ። ያረጋልን ያሰረው ሰንሰለት ይዛግ። አንቺንም ከሚቆጣ ሰው ፊት የምታልፊበትን ግርማ ይስጥሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር።

ደብዳቤሽን ለሐኪሙ አላነበብሁለትም። የጠላት ውሻ አላክምም ይል ይሆናል፤ ወይም ይነሣና ራሱ እሄዳለሁ ይላል። እንግሊዝ ለውሻ ያለው ልብ ለሰው ካለው ይሰፋል። በሦስት ዓመት ያየሁትን እኔው እጽፍልሻለሁ።

ወተቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ጡት የተወ ቡችላን የላም ወተት ይነፋዋል። በአንድ ጊዜ አታጥግቢው፤ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጪው። ከሳህኑ መካከል የቡጢ ያህል ድንጋይ አኑሪ፤ ድንጋዩን እየዞረ ሲበላ ከምግቡ ጋር ነፋስ አይውጥም። ከበላ በኋላ አታስሩጪው፣ በእርጋታ አዙሪው። ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ ይኸ እኛ ጋ ሉብያ የሚሉት ትንሹ ባቄላ፣ የቦካም ነገር ሁሉ ከአፉ ይራቅ። ሥጋውን ስቡን ገፈሽ ቀቅዪው፤ ሩዙ እስኪፈርስ ይብሰል።

ከሁሉ በላይ ግን ይኸን ያዢ፦ ምግቡን በአንድ ቀን አትለውጪበት። ሰባት ቀን ውሰጂ። በመጀመሪያው ቀን ከአዲሱ ምግብ አንድ ቁንጣሪ፣ በማግስቱ ሁለት፣ እያልሽ ሂጂ። የለመደውን በአንድ ቀን የተነጠቀ ሆድ ይገለበጣል። እኔ ይኸን ሳላውቅ አንዲት ግልገል ውሻ ሞታብኛለች፤ ሐኪሙ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

አሁን እኔም የምጠይቅሽ አለኝ። ሚስቴን አሰበችን ገንዳ ውሃ ላይ ትቻት ከተሻገርሁ ሦስት ዓመት አለፈ። በየወሩ ቃል ትልክልኝ ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን ምንም አልሰማሁ። እንዴት ናት?

ፈረደ

መተማ፣ የካቲት 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

አያ ፈረደ፣ ጉልበትዎን ይማርልኝ። የላኩት ምክር ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ።

ወተቱን አቁሜያለሁ። በቀን አራት ጊዜ አበላዋለሁ። ድንጋዩንም አኖርሁለት፤ በአፉ አንሥቶ ወስዶ ከካፒቴኑ ቡትስ ጫማ ውስጥ ከተተው። ካፒቴኑ እግሩን ሲሰድ የጮኸው ጩኸት ከኾሩ፣ ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ያሉት እንግሊዞች ሳይሰሙት አልቀሩም። ሌላ ድንጋይ፣ የማያነሣው፣ አገኘሁ።

ሆዱ ግን ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ። ሐሙስ ሐሙስና ቅዳሜ ቅዳሜ ይሻለዋል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስ ሰላም ነው። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ለገብረማርያም ሲጋራ ሰጠው፤ ለምን ለእሱ እንደሰጠው አላውቅም። ነገ ከነገ ወዲያ እንደገና እንደሚጀምረው ግን አውቃለሁ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ ሩዙም ያው ሩዝ ነው። በቀን ለይቶ የሚነሣ የሆድ በሽታ ያውቃሉ? ገብረማርያም "የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ያስፈልገዋል" ይላል። ጠበል ለውሻ!

ያረጋልን ንዳድ ይዞታል። ሦስት ቀን ይነሣበታል፣ ሁለት ቀን ይተወዋል። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የሻረግ

ገዳሪፍ፣ የካቲት 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለየሻረግ። ነገ የሚገባውን ጾም በጤና ያስጀምርሽ፤ በጤና ያስፈታሽ።

ዛሬ ቅበላ ነው። እዚህ ያለነው የሐበሻ ስደተኞች ተሰብስበን አንድ ፍየል አረድን። እየበላሁ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝና ጉርሻው ከእጄ ቀረ።

በቀን ለይቶ የሚነሣ የሆድ በሽታ አላውቅም። በቀን ለይቶ የሚበላ ሰው ግን አውቃለሁ። ሐሙስ ይሻለዋል አልሽኝ። ረቡዕ ሥጋ በልቶ ነዋ። ቅዳሜ ይሻለዋል አልሽኝ። ዓርብ በልቶ ነዋ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሰላም ሆነ ያልሽኝም ሳምንት የነነዌ ጾም ነው። ውሻ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ነነዌንም አያውቅም። ሥጋው በጾም ቀን ለቡችላው የሚተርፈው፣ በሌላው ቀን የሚበላው ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ያ ክርስቲያን ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ሥጋው ወደ ሌላ አፍ በሚሄድበት ቀን ቡችላው ምን ይበላል? ሉብያ ነው? እውነቱን ካልጻፍሽልኝ እጄን ታስሬ ነው የማክመው።

እኔ ከዚህ ሆኜ ያየሁትን ካፒቴኑም ከዚያ ሆኖ አንድ ቀን ያየዋል። ጾማችንን እየተማሩ ነው ይባላል።

መላ አለው። ከገበያው ዳር ሽኩር የሚባል እስላም ሥጋ ሻጭ ነበረ። ሳንባና ጨጓራውን ለአሞራ ሲጥል አውቃለሁ። እሱን ለምነሽ ለቡችላው ቀቅዪለት። ውሻ ማን እንዳረደው አይጠይቅም። የካፒቴኑ ሥጋ ለሚያስፈልገው ሰው ይተርፋል።

ስለ አሰበች ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ምናልባት ረስተሽው ይሆናል። ደግሜ ጠይቄሻለሁ።

ፈረደ

መተማ፣ መጋቢት 12 ቀን 1932 ዓ.ም.

አዎ፣ ሉብያ ነው።

አያ ፈረደ፣ በሰው አገር አንገትዎን አያስደፋዎ። ስለ ዋሸሁዎ ይማሩኝ። ወረቀቱ ቢያዝ ያረጋልን ይገድሉታል ብዬ ነው። አሁን ቢያዝም ባይያዝም ያው ሆኗል።

ሥጋውንም ሩዙንም ያረጋል ነበር የሚበላው። ከቅርጫቱ ሥር፣ ከማሽላው እንጀራ በታች አደርገዋለሁ። ገብረማርያም እጁን ሰድዶ ይፈትሻል፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ወደ ሰማይ ያያል። "ዝናብ የለም ዛሬ" ይለኛል። ቡችላው የኔን ሉብያ ይበላል።

የሽኩርን ሳንባ ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። ሚስቱ ሐሚዳ ራሷ ጠርታኝ ነበር። ግን ያለኝ ድስት አንድ ነው። የካፒቴኑን ድስቶች ጣሊያኑ ወጥ ቤት ቆልፎባቸው ይሄዳል። ሸክላ የሚያወርዱልን ከጭልጋ ነበር፤ መንገዱ ውጊያ ከሆነ ወዲህ አልወረዱም። የምሽጉን ከብት የሚያርዱት እነ ገብረማርያም፣ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ያረጋልም ያን ጠይቆ አረጋግጦ ነው የበላው። የእስላም እርድ በገባበት ድስት የተቀቀለ ምግብ እንደሆነ ካወቀ አፉን ይዘጋል። እሱ ደግሞ ይጠይቃል። በአጥሩ ቀዳዳ ቅርጫቱን ሲቀበለኝ መጀመሪያ የሚለኝ "ድስቱ ንጹሕ ነው?" ነው። ሌላውን ሁሉ ዋሽቻለሁ፤ ለያረጋል በድስት መዋሸት ግን አልቻልሁም። አብረን ነው ያደግነው፤ ፊቴን ያነበዋል።

ከቅበላ ሰባት ቀን ቀድሜ፣ እንዳሉኝ ቁንጣሪ ቁንጣሪ እያልሁ ቡችላውን ወደ ሥጋ መለስሁት። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሥጋው ሁሉ የእሱ ነው። አይነፋም፣ አይሸትም። ካፒቴኑ አቅፎት ይተኛል። ገብረማርያም "መድፉ እጁን ሰጠ" አለ።

ሉብያው አሁን የያረጋል ሆኗል። ንዳዱ በየሁለት ቀኑ ይነሣበታል። ቀበቶው ወገቡን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። "ለበሽተኛ እኮ ቄስ ይፈቅዳል" አልሁት። "ቄስ የት አለ? እዚህ ያለሁት ዲያቆን እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልፈቅድም" አለኝ። ሣቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የቀረው።

የምጠይቅዎ ይኸ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ሥጋው ለማን ይሁን? መኪናው የሚሄደው በዳግማይ ትንሣኤ ነው። በመካከሉ ስምንት ቀን አለ። ለያረጋል ብሰጥ ቡችላው ይነፋል፣ ወረቀቱም ይቀራል። ለቡችላው ብሰጥ ወረቀቱ ይፈረማል፤ በወረቀቱ የሚወጣ ሰው መኖሩን ግን እንጃ። እኔ መምረጥ አልችልም። እርስዎ ይምረጡልኝ።

የሻረግ

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻረግ። አምላክ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ያድንሽ። እኔም አልመርጥልሽም።

መልሴ ዘገየ። የዘገየሁበትን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን አነበብሁት፤ ስለ አሰበች ያልጻፍሽውንም አነበብሁት። ኸሊፋን "አሰበች እንዴት ናት?" ብለው የግመሉን እግር ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። ግመሉ ምንም አልሆነም ነበር። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ የመሪጌታ ልጅ ይኸን እንደማትስቺው አውቃለሁ። ያደረግሽው ልክ ነው። ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እዚህ ያሉት ያገሬ ሰዎች ምንም ሳልነግራቸው መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ከእንግዲህ ስለ እሷ የምጠይቅሽ የለም።

ኸሊፋ ድስት ያመጣልሻል። ሱዳኖች ሐላ የሚሉት፣ ክዳን ያለው የብረት ድስት ነው። ከሐኪሙ ውሾች ማብሰያ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጠፋ ብዬዋለሁ። የሽኩርን ሳንባ በዚህ ቀቅዪ። ከያረጋል ድስት ጋር አይነካካ፣ በአንድ ውሃም አይታጠብ፤ ያን ጊዜ ፊትሽን ቢያነብም ምንም አያገኝም። ከፋሲካ ሰባት ቀን ቀድመሽ ለቡችላው ሳንባውን ቁንጣሪ ቁንጣሪ አስለምጂው። ያኔ ፋሲካ ሲሆን የካፒቴኑ ሥጋ የያረጋል ብቻ ይሆናል።

ስለ ያረጋል አንድ ነገር ስሚኝ። ያስፈራኝ የሱ ነገር ነው። ሁለት ወር በሉብያና በንዳድ የከረመ ሆድ ሥጋ አይችልም። በፋሲካ ቀን መረቁን ብቻ ስጪው፣ እሱንም በፍንጃል። በማግስቱ መረቅና ሩዝ። ሥጋውን ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። ይለምንሻል፤ አትስሚው። ስለ ቡችላው የነገርሁሽ ሁሉ ለሰውም ነው።

ኸሊፋ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሆሳዕና በፊት እደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

ፈረደ

መተማ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1932 ዓ.ም.

ድስቱ ዛሬ ደረሰ።

አያ ፈረደ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሐዘንዎን የሚያስረሳ ዕድሜ ይስጥዎ።

ኸሊፋን ከኾሩ ማዶ አሥራ አራት ቀን አቆይተውታል። ጦርነት ሊመጣ ነው እየተባለ የሚሻገረውን ሁሉ ይይዛሉ። ድስቱን ከግመሉ አውርደው ክዳኑን በሳንጃ ከሩቅ ነው የከፈቱት አለኝ። ዛሬ ረፋድ ላይ ለቀቁት። ዛሬውኑ ይመለሳል፤ ነገ መሻገሪያው ይዘጋል ብለውታል።

ድስቱን ተቀብዬ በሩጫ ወደ ሽኩር ሄድሁ። ሐሚዳ ሳንባውን በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ለጣሊያኑ መድፍ ነው? ጥይቱን አብዝቼልሻለሁ" አለችኝ። ውሃ አድርጌ ጣድሁት። ደብዳቤዎን የከፈትሁት ከጣድሁ በኋላ ነው።

እሑድ የሆነውን ልንገርዎ።

መልስዎ ሲዘገይ እኔው መረጥሁ። የፋሲካ ለት ወጥ ቤቱ በዓል ነው ብሎ ለቡችላው የሁለት ቀን ሥጋ ሰፈረልኝ። ሁሉንም ቀቅዬ ለያረጋል ወሰድሁለት። ገብረማርያም ቅርጫቱን ሳይፈትሽ አሳለፈኝ፤ "ክርስቶስ ተንሥአ" አለኝ። ያረጋል በአጥሩ ሥር ተቀምጦ በላ። ሁሉንም በላ። አጥንቱን ሰብሮ መጠጠው። "እስቲ ቀስ በል" አልሁት። "ሃምሳ አምስት ቀን ቀስ ብያለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ቅርጫቱ ሳይነካ ተመለሰ። "ምን ሆነ?" ብዬ ገብረማርያምን ጠየቅሁት። "ሆዱ ተነፍቷል" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አልቀጠለም።

ቡችላውም ሉብያ በልቶ ስለ ነበር ሰኞ ፈሳ። ካፒቴኑ ሽጉጡን አውጥቶ ከጠረጴዛው አኖረና እስከ እሑድ አለ፤ በጣቱ ቆጥሮ አሳየኝ።

አሁን ደብዳቤዎን ጨረስሁ። መረቁን ብቻ፣ እሱንም በፍንጃል ይላሉ። ስለ ቡችላው የነገርሁሽ ለሰውም ነው ይላሉ። ከጥር ጀምሮ በእጄ ነበረ ያ ምክር። አጣጥፌ ከደረቴ አኑሬዋለሁ። ለቡችላው ሰባት ቀን ወሰድሁለት። ለወንድሜ አንድ ቀን።

እየጻፍሁ ሳለ ገብረማርያም መጣ። ከጎጆዬ በር ቆሟል። ይኸ ሰው ከዚህ በር ቆሞ ሳይቀልድ ቀርቶ አያውቅም። ድስቱን አየና "አዲስ ነው?" አለኝ። "አዲስ ነው" አልሁት። ከዚያ፣ "ዛሬ ቅርጫቱን አታምጪ" አለኝ።

"ለምን?"

ቡችላውን አየ።

"ወረቀቱ ተፈረመ?" አልሁት።

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "ነጠላሽን ያዥና ነይ" አለኝ።

"ገብረማርያም፣ ለምን እንደሆነ ንገረኝ።"

"ነይ ብቻ፣ እኅቴ።" እኅቴ ብሎኝ አያውቅም።

ኸሊፋ ከደጅ ነው፤ ወረቀቱን ይጠብቃል። የግመሉን እግር ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚህ በላይ አልጽፍልዎም። ለምን እንደማልጽፍ እርስዎ ያውቁታል።

ሳንባው ገና ጥሬ ነው። ቡችላው ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ክዳኑን ያያል። የሚያወርድለት የለም። ወጣሁ።